ፒኤስፒን የድሮ ጌሞች ማጫወቻ ማድረግ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የሶኒ የኪስ ጌም ማጫወቻ የሆነው ፒኤስፒ እ.ኤ.አ. በ2004 መጨረሻ ጃፓን ውስጥ ሲወጣ የተሠራው ለራሱ ጌሞች ነበር። ዛሬ ብዙ ሰው ከመሳቢያ የሚያወጣው ግን የኔንቲዶን፣ የሴጋንና የመጀመሪያውን ፕሌይስቴሽን ጌሞች ሊጫወትበት ነው። ይህን የሚያስችሉት ኢሙሌተሮች ናቸው፤ ሌላ ማሽንን የሚያስመስሉ ፕሮግራሞች ማለት ነው። አንድ ነገር አስቀድመን እንበል፦ «ኢሙሌተሩ አይሠራም» የሚባለው ችግር ሲመረመር አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ካርዱ፣ ፎልደሩ ወይም ባትሪው ላይ ነው። ስለዚህ ኢሙሌተር ከመቀያየር በፊት መሠረቱን አስተካክሉ።

የትኛው ሞዴል ይሻላል?

ሁሉም ይሠራሉ። ይሁን እንጂ የመጀመሪያው 1000 ያለው ራም 32 ሜጋባይት ብቻ ሲሆን ከ2000 ጀምሮ 64 ሆኗል፤ ልዩነቱ ትልልቅ የጌምቦይ አድቫንስ ጌሞች ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ፕሮሰሰሩ በሁሉም ያው ነው፣ እስከ 333 ሜጋኸርዝ ይሄዳል። 3000 ቀለሙ የደመቀ ቢሆንም ምስሉ በፍጥነት ሲንቀሳቀስ ቀጫጭን መስመሮች ይታዩበታል። የድሮ ጌም ደግሞ አብዛኛው ወደ ጎን የሚሮጥ ስለሆነ ይህ ዓይን ይረብሻል፤ ምርጫ ካላችሁ 2000ን ውሰዱ። ጎ የሚባለው በውስጡ 16 ጊጋባይት ማከማቻ አለው፣ ከውጪ የሚቀበለው ግን ትንሿን ኤም 2 ካርድ ብቻ ነው። አንዳንድ የቆዩ ኢሙሌተሮች ሮም (የጌሙን ፋይል) የሚፈልጉት ውጪያዊው ካርድ ላይ ብቻ ስለሆነ የዚህን ሞዴል የውስጥ ማከማቻ ጨርሶ አያዩትም። ስትሪት የሚባለው ሞዴል ዋይፋይ የለውም፣ ድምፁም ሞኖ ነው፤ ፍጥነቱ ግን ከ3000 አያንስም።

የትኞቹን የድሮ ማሽኖች በደንብ ያስኬዳል?

የኔንቲዶዎቹ ኔስ፣ ጌምቦይ፣ ጌምቦይ ከለር፣ የሴጋዎቹ ማስተር ሲስተም እና ጌም ጊር ያለ ምንም ችግር ይሄዳሉ፤ 222 ሜጋኸርዝ ላይ እንኳ ሙሉ ፍጥነት ያገኛሉ። ለኔስ ኔስተርጄን፣ ለቀሪዎቹ ማስተርቦይን መጠቀም ይበቃል። ሜጋ ድራይቭ በፒኮድራይቭ በጣም ጥሩ ነው። ጌምቦይ አድቫንስ በጂፒኤስፒ ወይም በቴምፕጂቢኤ አብዛኛው ጌም ሙሉ ፍጥነት ይሄዳል። ፕሌይስቴሽን 1 ከሁሉም የተለየ ነው፤ ፖፕስ የሚባለውን ኢሙሌተር ሶኒ ራሱ ሠርቶ ፈርምዌሩ (ማሽኑን የሚያስኬደው የራሱ ሶፍትዌር) ውስጥ ስላስቀመጠው ከማንኛውም በትርፍ ጊዜ ከተሠራ ኢሙሌተር ይልቃል። ሱፐር ኔንቲዶ መሃል ላይ ነው፣ ለብቻው መልስ አለው። ኔንቲዶ 64 በዲዳለስ ይነሳል፣ ጥቂት ጌሞችም ለመጫወት ይበቃሉ፤ ለእሱ ብላችሁ ፒኤስፒ አትግዙ።

ሚሞሪ ስቲክ አላገኘሁም፤ ማይክሮ ኤስዲ በአዳፕተር ይሆናል?

ይሆናል፣ ከድሮው ሚሞሪ ስቲክም የተሻለ ነው። ባለ አንድ ቀዳዳ አዳፕተር ግዙ። ባለ ሁለት ቀዳዳው ሁለት ካርድ ስለሚይዝ የተሻለ ይመስላል፤ ነገር ግን እያንዳንዱን ፋይል ቆራርጦ ሁለቱ ላይ ነው የሚበትነው። አንዱ ካርድ ከተበላሸ ወይም ሁለቱ ቦታ ከተለዋወጡ የሁለቱም ይዘት አይነበብም፣ ሴቭም (ጌሙ ላይ የደረሳችሁበት የተቀመጠ ቦታ) አብሮ ይሄዳል።

ለድሮ ጌም ብዙ ቦታ አያስፈልግም። ትልቁ የጌምቦይ አድቫንስ ሮም 32 ሜጋባይት ነው፤ የሱፐር ኔንቲዶ ትልቁ 6 ሜጋባይት ነው። ቦታ የሚበላው ፕሌይስቴሽን 1 ነው፦ አንድ ሲዲ እስከ 700 ሜጋባይት ይደርሳል። 32 ጊጋባይት ካርድ ለብዙ ሰው ይበቃል።

ካርዱ ሐሰተኛ እንዳይሆን ከመጠቀማችሁ በፊት ሞክሩት። ላዩ ላይ 128 ተጽፎበት ውስጡ 8 ጊጋባይት ብቻ የሆነ ካርድ መጀመሪያ ላይ ደህና ይሠራል፤ 8ኙ ሲሞላ ግን አዲሱ ፋይል አሮጌውን ይደፍቀዋል፣ ትናንት ይነሳ የነበረው ጌም ዛሬ ይቆማል። ዊንዶውስ ላይ ኤች 2 ቴስት ደብሊው፣ ሊኑክስና ማክ ላይ ደግሞ ኤፍ 3 የሚባሉት ፕሮግራሞች ካርዱን ጫፍ እስከ ጫፍ ጽፈው መልሰው ያነቡታል። ሰዓታት ሊወስድ ይችላል፣ ግን ዝለሉት አንልም።

ካርዱን በምን ፎርማት ላድርገው?

በፋት 32 ብቻ። 64 ጊጋባይትና ከዚያ በላይ የሆኑ ካርዶች ከፋብሪካ የሚመጡት በኤክስፋት ነው፣ ፒኤስፒ ደግሞ ኤክስፋትን አያነብም። የዊንዶውስ የተለመደው የፎርማት መስኮት በአብዛኞቹ ቨርዥኖች ከ32 ጊጋባይት በላይ ለሆነ ካርድ ፋት 32ን አያቀርብም፤ ቀላሉ መንገድ እዚያው ፒኤስፒው ላይ ሴቲንግስ፣ ሲስተም ሴቲንግስ፣ ፎርማት ሚሞሪ ስቲክ ብሎ መጨረስ ነው። ዋናዎቹን ፎልደሮችም ራሱ ይፈጥርላችኋል።

ቀጥሎ ፎልደሮቹን እወቁ፤ ስማቸው በሙሉ በላቲን ትልልቅ ፊደላት ነው የሚጻፈው። ፒኤስፒ የሚባለው ፎልደር ውስጥ ጌም እና ሴቭዳታ የሚባሉ ሁለት ፎልደሮች አሉ። እያንዳንዱ ኢሙሌተር ጌም ውስጥ የራሱ ፎልደር ይኖረዋል፣ በዚያ ውስጥም ኢቡት የሚባለው፣ ፕሮግራሙን የሚያስነሳው ፋይል በቀጥታ መታየት አለበት። ዚፕ ሲፈታ ብዙ ጊዜ ፎልደር ውስጥ ሌላ ፎልደር ይፈጠራል፤ ኢቡቱ አንድ እርከን ወደ ታች ከወረደ ፒኤስፒው አያገኘውም።

ከስተም ፈርምዌር እንዴት ይጫናል?

ኢሙሌተሮች የሶኒ ፊርማ ስለሌላቸው ፒኤስፒው ባለበት አያስነሳቸውም፤ ከስተም ፈርምዌር፣ ማለትም ይህን ገደብ የሚያነሳ የተሻሻለ ፈርምዌር፣ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። በአሁኑ ጊዜ የምንመክረው አርክ 4ን ነው።

1. ሲስተም ሴቲንግስ ውስጥ ሲስተም ኢንፎርሜሽንን ከፍታችሁ የፈርምዌሩን ቁጥር እዩ። 6.60 ወይም 6.61 መሆን አለበት።
2. ከዚያ በታች ከሆነ የሶኒን የመጨረሻ አፕዴት 6.61ን ጌም ውስጥ አፕዴት በሚባል ፎልደር አስቀምጣችሁ አስነሱት። ባትሪው የሞላ፣ ቻርጀሩም የተሰካ ይሁን።
3. ከአርክ 4 ዚፕ ውስጥ የአርክ ሎደር ፎልደርን ወደ ጌም፣ ስሙ በ01234 የሚያልቀውን ፎልደር ደግሞ ወደ ሴቭዳታ ቅዱ። ሁለተኛው ተረስቶ ወይም እሱም ጌም ውስጥ ገብቶ ሎደሩ የማይሠራበት ጊዜ ብዙ ነው።
4. ከጌም ሜኑ አርክ ሎደርን አስነሱ። ስክሪኑ ጠቁሮ ሜኑው ይመለሳል። ሲስተም ኢንፎርሜሽን ላይ ከቁጥሩ ጎን አርክ የሚል ካያችሁ ተሳክቷል።

ሜኑ ላይ ሴሌክትን ስትጫኑ የከስተም ፈርምዌሩ ትንሽ ሜኑ ይከፈታል፤ የፕሮሰሰሩን ፍጥነት የምትቀይሩት እዚያ ነው።

ባጠፋሁት ቁጥር ከስተም ፈርምዌሩ ይጠፋል። ተበላሽቷል?

አልተበላሸም። በዚህ መንገድ የተነሳው ከስተም ፈርምዌር የሚቀመጠው ራም ላይ ብቻ ነው፤ ራም ደግሞ ማሽኑ ሙሉ በሙሉ ሲጠፋ ይጸዳል። የማብሪያውን ቁልፍ ለአፍታ ገፋ ማድረግ ማሽኑን ያስተኛዋል፣ ሲነቃም ሁሉ ባለበት ይገኛል። ቁልፉን ለጥቂት ሰከንድ ገፍቶ መያዝ ግን ሙሉ በሙሉ ያጠፋዋል፤ ከዚያ በኋላ ሎደሩን እንደገና ማስነሳት ያስፈልጋል።

በቋሚነት የሚጭኑ መንገዶች አሉ፣ ኢንፊኒቲ አንዱ ነው። እነዚህ የሚጽፉት ማሽኑ ሲነሳ በሚያነበው የፍላሽ ክፍል ላይ ነው። በዚያች ቅጽበት ኃይል ከተቋረጠ ማሽኑ ላይነሳ ይችላል። ለጥቂት ቀናት በጊዜያዊው ተጫወቱ፣ ባትሪው የሚታመን መሆኑን አረጋግጡ፣ ከዚያ ለሞዴላችሁና ለፈርምዌር ቁጥራችሁ የተዘጋጀውን ብቻ ጫኑ።

ኢሙሌተሩ ጌም ሜኑ ውስጥ «የተበላሸ ዳታ» እየተባለ ይታያል። ለምን?

መጀመሪያ ከስተም ፈርምዌሩ መነሳቱን እዩ፤ ብዙውን ጊዜ ማሽኑ ጠፍቶ ሎደሩ ስላልተነሳ ነው። እሱ ደህና ከሆነ የወረደውን ዚፕ ተመልከቱ። ለፈርምዌር 1.50 የተሠሩ የቆዩ ኢሙሌተሮች የሚመጡት በሁለት ፎልደር ነው፤ የአንደኛው ስም መጨረሻ ላይ የመቶኛ ምልክት አለው። እነዚህ 6.60 እና 6.61 ላይ አይሠሩም፣ የዚያኑ ኢሙሌተር አዲስ ቨርዥን ፈልጉ። ፋይሉን የቀዳችሁት ከማክ ከሆነ ደግሞ ሲስተሙ በነጥብና በስር መስመር የሚጀምሩ ስውር ፋይሎች ይጨምራል፤ የሮም ዝርዝር ውስጥ እያንዳንዱ ጌም ሁለት ሁለት ጊዜ ከታያችሁ እነሱ ናቸው፣ አጥፏቸው።

ጂፒኤስፒ ሲከፈት ባዮስ የለም ይለኛል።

ጂፒኤስፒ የጌምቦይ አድቫንስን የባዮስ ፋይል ይፈልጋል፤ ባዮስ ማሽኑ ሲበራ የሚነሳው የራሱ ሶፍትዌር ነው። ፋይሉ ልክ 16,384 ባይት መሆን አለበት፤ አንድ ባይት ከበለጠ ወይም ካነሰ ትክክለኛው አይደለም። የሚቀመጠው ከኢቡቱ ጎን ነው፣ ስሙም ጂፒኤስፒ በሚጠብቀው መልክ መሆን አለበት። ዊንዶውስ የፋይል ቅጥያዎችን ስለሚደብቅ ሳታውቁት ቅጥያው ሁለት ጊዜ ሊጻፍ ይችላል፤ ቅጥያ የሚያሳየውን ምርጫ አብርታችሁ እዩ።

አንድ የጌምቦይ አድቫንስ ጌም ይንቀራፈፋል፤ ሌላው ደህና ነው።

ሦስት ምክንያት አለ። የመጀመሪያው 1000ን ይመለከታል። 32 ሜጋባይት የሆነ ሮም 32 ሜጋባይት ራም ውስጥ ከኢሙሌተሩ ጋር አብሮ ሊገባ ስለማይችል ጂፒኤስፒ ቁርጥራጩን በየጊዜው ከካርዱ ያነባል። አዲስ ክፍል ስትገቡ ምስሉ ለአፍታ ቆሞ የካርዱ ብርቱካናማ መብራት ብልጭ ድርግም ካለ ይህ ነው። ፈጣን ካርድ ያቀለዋል፣ 64 ሜጋባይት ያለው ሞዴል ያጠፋዋል።

ሁለተኛው ከሁሉም በላይ የሚረሳው ነው። ከጂፒኤስፒ ጋር ጌም ኮንፊግ የሚባል የጽሑፍ ፋይል ይመጣል። በውስጡ ብዙ ጌሞች ፕሮሰሰሩን በከንቱ የሚያሽከረክሩበት ቦታ ተመዝግቧል፤ ኢሙሌተሩ ያንን እየዘለለ ነው ፍጥነት የሚያገኘው። አንዳንድ ሰው ኢቡቱን ብቻ ቀድቶ ይህን ፋይል ይተወዋል። ኢሙሌተሩ ጌሙን የሚለየው ሮሙ ራስጌ (የፋይሉ መጀመሪያ) ላይ ባለው ስምና ኮድ ስለሆነ፣ የተተረጎመ ወይም የተሻሻለ ሮም ራስጌው ከተቀየረ ከመዝገቡ ጋር አይገናኝም። ፋይሉን በጽሑፍ አርታኢ ከፍቶ የዋናውን ጌም መስመሮች መገልበጥና ስምና ኮዱን በአዲሱ መተካት ይቻላል።

በዚሁ ፋይል ውስጥ የሴቭ ዓይነትም ይጻፋል። ፖኬሞን ፋየር ሬድን የመሰለ ጌም የሴቭ ቺፑ 128 ኪሎባይት ስለሆነ መስመሩ ከጠፋ ጌሙ ሲነሳ የ1ኤም ንዑስ ሰርኪዩት ቦርድ አልተገጠመም የሚል መልእክት ያሳያል። ሮሙ ጤነኛ ነው፤ የጎደለው ያቺ መስመር ናት።

ሦስተኛው ፍጥነቱ ነው። በሴሌክት ሜኑ የጌም ፍጥነቱ 222 ላይ ታስሮ ከሆነ ወደ 333 አውጡት፣ ፍሬም ስኪፑንም (ፍጥነት ለማትረፍ ምስሎችን መዝለሉን) አውቶማቲክ ላይ ተዉት።

ሱፐር ኔንቲዶ ለምን ይከብደዋል?

ድምፁን ራሱን የቻለ ፕሮሰሰር ይሠራዋል፣ ጌሞቹም የተለያየ ቪዲዮ ስልት ይቀላቅላሉ፤ አንዳንዶቹ ካርትሪጁ ውስጥ ተጨማሪ ቺፕ አላቸው። ስኔስ 9 ኤክስ ቲዋይኤል የሥራውን ከፊል ለፒኤስፒ ሁለተኛ ፕሮሰሰር ለሚዲያ ኢንጂኑ ስለሚያካፍል የተሻለው ምርጫ እሱ ነው። ተራ ጌሞች ከትንሽ ፍሬም ስኪፕ ጋር ደስ ብለው ይሄዳሉ። ሱፐር ኤፍኤክስ ቺፕ ያላቸው እንደ ስታር ፎክስ ያሉት ግን ምንም ብታደርጉ ይንቀራፈፋሉ።

ሮሙ ጭራሽ ካልተነሳ መጠኑን በባይት እዩ። ለ1,024 ሲካፈል 512 ከተረፈ በድሮ መቅጃ መሣሪያ የተጨመረ ራስጌ አለው፤ ራስጌውን የሚቆርጥ ፕሮግራም ያስተካክለዋል።

ምስሉ የተለጠጠ ወይም የደበዘዘ ነው።

የፒኤስፒ ስክሪን 480 በ272 ፒክሰል ነው፣ የጌምቦይ አድቫንስ ደግሞ 240 በ160። ሁለት እጥፍ ቢደረግ ቁመቱ 320 ይሆናል፣ ስለዚህ አይገባም። ያላችሁ ምርጫ ወይ 1 ለ1 ትንሽ ግን ጥርት ያለ ምስል፣ ወይ ቁመቱን የሚሞላ 408 በ272 ነው። ጌምቦይም 160 በ144 ስለሆነ እጥፉ 288 ሆኖ በ16 ፒክሰል ያልፋል። ፕሌይስቴሽን 1 ከሆነ መጠኑን ስትቀይሩ 363 በ272 ገደማ አድርጉት፤ የ4 በ3 ቅርጽ የሚጠበቀው ያኔ ነው። ሙሉ ስክሪን የሚለው ምርጫ ክብን እንቁላል ያደርገዋል፣ በጭራሽ አንመክረውም።

ፕሌይስቴሽን 1 ጌም እንዴት ይዘጋጃል?

ሲዲውን ኮምፒውተር ላይ ወደ ቢንና ኪው ፋይል ቅዱ፣ ከዚያ ፒኤስኤክስ ቱ ፒኤስፒ በመሰለ ፕሮግራም ወደ ኢቡት ቀይሩት። ለእያንዳንዱ ጌም ጌም ፎልደር ውስጥ የራሱን ፎልደር ፍጠሩለት። ብዙ ዲስክ ያለው ጌም እስከ 5 ዲስክ ድረስ አንድ ኢቡት ውስጥ ይገባል፤ ዲስክ የሚቀየረው በሆም ቁልፍ ሜኑ ነው። ለየብቻ ኢቡት ካደረጋችኋቸው ሁለተኛው ዲስክ የመጀመሪያውን ሴቭ ላያየው ይችላል።

ፕሮግራሙ ለሚጠይቃችሁ የጌም መለያ ቁጥር ተጠንቀቁ። የሴቭ ፎልደሩ ስም የሚወሰነው በእሱ ነው፤ በኋላ ኢቡቱን በሌላ ቁጥር ደግማችሁ ብትሠሩት ሴቩ የጠፋ ይመስላል። በአሮጌው ፎልደር ውስጥ ያሉትን ሁለት ቪኤምፒ ፋይሎች ግን ካርዱ ላይ ታገኟቸዋላችሁ።

ሙዚቃው ከጠፋ ጌሙ ሙዚቃውን እንደ ተራ የሙዚቃ ሲዲ በተለየ ትራክ ይዞት ነው። ቀላል ቀያሪዎች የመጀመሪያውን ቢን ብቻ ይወስዳሉ። ፖፕ ኤፍ ኢ የሚባለው መሣሪያ ትራኮቹንም ይቀይራል። ጌሙ መሃል ላይ የሚቆም ከሆነ ደግሞ ፕሮ ወይም ኤምኢ የሚባሉት ከስተም ፈርምዌሮች ላይ ፖፕስሎደር የሚባለው ፕለጊን (ተጨማሪ ፕሮግራም) የቆየ የፖፕስ ቨርዥን ያስመርጣል፤ አንዱ ላይ የሚቆም ጌም ሌላው ላይ የሚያልፍበት ጊዜ አለ።

ሴቭ አድርጌ ነበር፤ ስመለስ የለም።

ሁለት ዓይነት ሴቭ አለ። አንዱ ጌሙ ራሱ የሚያደርገው ነው፣ ሌላው ኢሙሌተሩ የማሽኑን ቅጽበታዊ ሁኔታ የሚያስቀምጥበት ስቴት ነው። አንዳንድ ኢሙሌተሮች የጌሙን ሴቭ ካርዱ ላይ የሚጽፉት ከሜኑ ስትወጡ ብቻ ነው። ጂፒኤስፒ ላይ አውቶማቲክ የሚለውን ምረጡ። የካርዱ መብራት እየበራ እያለ አታጥፉ፣ አታስተኙም። ስቴትን ብቻ አትመኑ፤ የኢሙሌተሩ ቨርዥን ሲቀየር የቆየው ስቴት ላይከፈት ይችላል፣ የጌሙ የራሱ ሴቭ ግን ይተላለፋል።

የባትሪው ክዳን አልዘጋ አለ፤ ባትሪው አብጧል።

አውጥታችሁ አትመልሱት። አትበሱት፣ ቻርጅም አታድርጉት፤ ሊቲየም ነው፣ ለባትሪ መሰብሰቢያ ስጡት። የ1000 ባትሪ 1,800 ሚሊአምፔር ሰዓት፣ የ2000ና የ3000 ደግሞ 1,200 ነው፤ የ1000ው ወፍራም ስለሆነ የቀጭኖቹ ክዳን አይዘጋበትም። መጠኑ ያው ሆኖ 3,600 የተጻፈበትን አትመኑ፣ በዚያ ቦታ ያን ያህል አይገባም። ፒኤስፒው ያለ ባትሪ ቻርጀር ላይ ይሠራል፤ ፈርምዌር ግን በዚያ ሁኔታ አትንኩ።

ብሪክ ካደረግሁት (ጨርሶ የማይነሳ ከሆነ) ይመለሳል?

በ1000 እና በቀደሙት የ2000 ቦርዶች ላይ ፓንዶራ የሚባለው የተሻሻለ ባትሪና ለዚያ የተዘጋጀ ሚሞሪ ስቲክ ማሽኑን በጥገና ሁኔታ አስነስቶ ፈርምዌሩን እንደገና ይጽፋል። 3000 ላይ ይህ የቆየ ዘዴ አይሠራም። ከስተም ፈርምዌሩ ተነስቶ ፕለጊን ብቻ ያስቆመው ከሆነ ግን የአር ቁልፍን ይዛችሁ ስታበሩት ሪከቨሪ ሜኑ ይከፈታል፤ ፕለጊኖቹን ከዚያ ማጥፋት ይቻላል።

ሮምና ባዮስ ከየት ላምጣ?

ከራሳችሁ ካርትሪጅና ዲስክ። ኢሙሌተር መጠቀም ሕጋዊ ነው፣ የጌሙና የባዮሱ ቅጂ መብት ግን የባለቤቱ እንደሆነ ይቀጥላል። ዲስክ በማንኛውም የሲዲ ማንበቢያ ይቀዳል። ለካርትሪጅ ጂቢኤክስካርትን የመሰሉ በዩኤስቢ የሚሰኩ አንባቢዎች አሉ፤ እነሱ ሮሙን ብቻ ሳይሆን በካርትሪጁ ውስጥ ያለውን የቆየ ሴቭም ስለሚያወጡ ፒኤስፒው ላይ ካቆማችሁበት መቀጠል ትችላላችሁ። መጀመሪያ ሴቩን አውጡ፤ ካርትሪጁ ውስጥ ያለችው ትንሽ ባትሪ ስታልቅ ሴቩም አብሯት ይጠፋል።